ስትራክቸርን ለአርክቴክቸር ተማሪ ማስተማር የባከነ ሙያ ነው? (የምላሽ ጽሑፍ)

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። "ቲቸር፣ ይሄ እርስዎን ነው የሚመለከተው" ትላለች ከላይ። እውነቷን ነው።

ጸሐፊው እንደኔው ስትራክቸራል ኢንጂነር፣ ማለትም የሕንፃን ተሸካሚ አካል (ስትራክቸሩን) የሚያሰሉ ባለሙያ ናቸው። ብዙ ዘመን ሳይት ላይ የዋሉ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ጎበዝ ኢንጂነር የአርክቴክቸር ተማሪ ለማስተማር ከገባ ሙያው ባከነ። ለዚህም አምስት ምክንያት ይደረድራሉ። ትልልቅ መሐንዲሶች ስማቸውን ያስጠሩት በሕንፃ እንጂ አርክቴክት በማስተማር አይደለም። አርክቴክት ቅርጹን ይሥራ፣ ማቆሙን ለኢንጂነር ይተው። ስሌቱን ዛሬ ሶፍትዌር ይሠራዋል። ኢንጂነር ስቱዲዮ (ተማሪው ንድፍ የሚሠራበት ክፍል) ሲገባ የተማሪው ፈጠራ ይሞታል። በዚያ ላይ ክፍያውም እድገቱም የለም።

እኔ በዚሁ ሥራ 17 ዓመት ቆይቻለሁ። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ቢሮ። ከአምስቱ አንዱን እቀበላለሁ። በአራቱ አልስማማም፣ በተለይ በሁለተኛው። እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሰው የሚጎዳው በሱ ነውና።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የሮምን ኦሎምፒክ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈበት ነው። ለዚያ ኦሎምፒክ ከተሠሩት ሕንፃዎች አንዱ ፓላዜቶ ዴሎ ስፖርት የሚባለው ትንሹ የስፖርት አዳራሽ ነው። ጉልላቱ ወደ 60 ሜትር ይሰፋል፣ መሐሉ ላይ ግን አንድም ምሰሶ የለም። ዙሪያውን 36 ባላ የመሰሉ ድጋፎች ይዘውታል። ጉልላቱ የተገጣጠመው አስቀድመው መሬት ላይ ከተሠሩ 1,620 የአርማታ ቁራጮች ነው። መሐንዲሱ ፒየር ሉዊጂ ኔርቪ ይባላል። ጸሐፊውም ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ። የዘነጉት ነገር ቢኖር፣ ይህ ሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለ15 ዓመት ያህል በሮም የአርክቴክቸር ፋኩልቲ ማስተማሩን ነው። ያንን አዳራሽ ሲሠራ የአርክቴክቸር ተማሪዎች መምህር ነበር።

ዳካ ተወልዶ ቺካጎ ላይ የገነነው ፋዝሉር ካንም እንዲሁ ነው። 100 ፎቁን ጆን ሃንኮክና 110 ፎቁን ሲርስ ታወር ያቆመ ሰው ነው። በዚያው ዘመን በኢሊኖይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የአርክቴክቸር ተማሪዎችን ያስተምር ነበር። በኋላ እመለስበታለሁ። ማሪዮ ሳልቫዶሪ ደግሞ ከጣሊያን ፋሽስቶች ሸሽቶ እ.ኤ.አ. በ1939 አሜሪካ ገባ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለኢንጂነሪንግም ለአርክቴክቸርም ተማሪ ሲያስተምር ኖረ። ሽምግልናው ላይ ሃርለም ወርዶ ለታዳጊ ልጆች ሕንፃ እንዴት እንደሚቆም ያሳይ ጀመር።

አንድ ልጨምር። ይሄኛው ማስተማር ለኢንጂነሩ ለራሱ ምን እንደሚሰጠው ያሳያል። ኒው ዮርክ ውስጥ ቀድሞ ሲቲኮርፕ ይባል የነበረ 59 ፎቅ ሕንፃ አለ። ከቦታው አንድ ጥግ ላይ ቤተ ክርስቲያን ስለነበረ፣ ሕንፃውን የተሸከሙት ትልልቅ እግሮች ማዕዘኖቹን ትተው በየጎኑ መሐል ላይ ቆሙ። መሐንዲሱ ዊልያም ለሜዠር ሃርቫርድም ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ሕንፃው ካለቀ በኋላ አንድ ተማሪ ስለነዚያ እግሮች ጠየቀው። ለሜዠር "ይሄ ለክፍሌ ጥሩ ትምህርት ይሆናል" ብሎ አሰበ። ነፋሱ በማዕዘን በኩል ቢመጣ ምን ይሆናል የሚለውን እንደገና አሰላ። የብረቶቹ መጋጠሚያ በብየዳ ፋንታ በቡሎን መታሰሩ አስጊ እንደሆነ የገባው ያኔ ነው። መጋጠሚያዎቹ ሌሊት ሌሊት እየተበየዱ ሕንፃው ተጠናከረ። ይህን ታሪክ ከዓመታት በኋላ ራሱ ተናግሮታል። ያ ሰው ክፍል የሚጠብቀው ተማሪ ባይኖረው ያንን ስሌት መቼ ይሠራው ነበር?

ወደ ሁለተኛው ልሂድ።

ጸሐፊው አርክቴክቱ ቅርጹን ይጨርስና ኢንጂነሩ ያቆመዋል ይላሉ። ችግሩ ነገሩ እዚያ ከመድረሱ በፊት ማለቁ ነው። የአንድ ሕንፃ ስትራክቸር የሚወሰነው አርክቴክቱ ስኬች ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ሲያሰምር ነው። ኮለኖቹ (ምሰሶዎቹ) በስንት ሜትር ይራራቃሉ? የላዩ ኮለን በታቹ ላይ ይቀመጣል ወይ? ደረጃውና ሊፍቱ መሐል ናቸው ወይስ ጥግ? ግራውንዱ ግድግዳ አለው ወይስ ሁሉም መስታወት ነው? ይህን ሁሉ የሚመልሰው አርክቴክቱ ነው። ብዙ ጊዜ መመለሱን ሳያውቅ ይመልሰዋል። ንድፉ ኢንጂነሩ ጋ ሲደርስ ባለቤቱ አይቶ ወዶታል። የቀረው ፌሮ መጨመር ብቻ ነው።

ከራሴ ልናገር። ቢሮ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት የአንድ ጂ ፕላስ 5 ንድፍ እጄ ገባ። አርክቴክቱ ግራውንዱን ለመኪና ማቆሚያ ክፍት ለማድረግ ብሎ ሁለት ኮለን አንስቷል። ከላይ ባሉት ፎቆች ግን እነዚያው ኮለኖች በቦታቸው አሉ። አምስት ፎቅ የተሸከመ ኮለን አየር ላይ ቆሟል ማለት ነው። እኔ ልጅ ነበርኩ። "ይቻላል" አልኩ። ይቻላልም። ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ሠራሁለት። ሳይት ስሄድ ፌራዮዎቹ ቢሙ አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ብረቱ ከመጠጋጋቱ የተነሳ አርማታውን የሚያጠቀጥቀው ቫይብሬተር የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረም። አንደኛው ጣቱን በብረቶቹ መሐል ለማስገባት እየሞከረ "ኢንጂነር፣ አርማታው በየት ይለፍ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሥራው ሲያልቅ ከቢሙ ሥር የቀረው ቁመት 2 ሜትር ከ10 ሆነ። ፖርቶ መጋላ የጫነ መኪና አያልፍም። ዋጋውን የከፈለው ባለቤቱ ነው። ያ አርክቴክት ተማሪ እያለ ኮለን ከላይ እስከ መሠረት ቀጥ ብሎ እንዲወርድ አንድ ሰው በደንብ አሳይቶት ቢሆን፣ ገና በእርሳስ እያለ መኪናዎቹን ትንሽ ገፋ አድርጎ ያቆማቸው ነበር። ምንም ወጪ የለውም።

ይሄ ገንዘብ ነው። ከገንዘብ የከፋም አለ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ብዙ ሰው በሌሊት ልጆቹን አቅፎ ደረጃ ወርዷል። ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው ርዕደ መሬት ካራ ቆሬንና ማጀቴን ክፉኛ ጎድቷል። ሕንፃ በርዕደ መሬት ጊዜ እንዴት እንደሚሆን ከሚወስኑት ነገሮች ብዙዎቹ ደግሞ አርክቴክቱ እጅ ላይ ናቸው።

ከተማችንን ዞር ብላችሁ እዩ። ግራውንዱ ሱቅ ነው፤ ፊቱ ሁሉ መስታወት። ከላይ ያሉት ፎቆች በብሎኬት ግድግዳ የታጨቁ ናቸው። መሬት ሲንቀጠቀጥ የላዩ እንደ ሣጥን አንድ ላይ ይሄዳል። መወዛወዙን ሁሉ የሚሸከሙት የሱቁ ቀጫጭን ኮለኖች ይሆናሉ። ሊፍቱና ደረጃው አንድ ጥግ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ያ ጥግ ይደነድናል፣ ሌላው ይለሰልሳል፤ ሕንፃው እየተጠማዘዘ ይወዛወዛል። ሦስተኛው ትምህርት ቤቶች ላይ የማየው ነው። መስኮቱ ከፍ እንዲል ተብሎ በኮለኖቹ መሐል ግማሽ ቁመት ያለው ግድግዳ ይገነባል፣ ከኮለኑ ጋርም ይጣበቃል። ግድግዳው የኮለኑን ግማሽ ያዘው ማለት ነው። መወዛወዝ የሚችለው የላዩ ግማሽ ብቻ ይቀራል። ቁመቱ በግማሽ ያጠረ ኮለን 8 እጥፍ ይደነድናል፤ የደነደነ ደግሞ ጉልበቱን ወደ ራሱ ይስባል። በየአገሩ ከርዕደ መሬት በኋላ በሚነሡ ፎቶዎች ላይ ልክ ከመስኮቱ ጎን በሰያፍ የተሰነጠቀው ኮለን ይሄ ነው።

እንግዲህ እነዚህን ሦስቱን የሣለው ማነው? "ማቆሙን ለኢንጂነር ይተው" ሲባል እኔ የማስበው እነዚያን ኮለኖች ነው። ኢንጂነሩ ፌሮ ይጨምራል፣ ኮለን ያወፍራል። የተጠማዘዘን ሐሳብ ግን ብረት ሙሉ በሙሉ አያቃናውም። ለዚህ ነው እኔ የኢንጂነር ሥራ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅምበት ቦታ የአርክቴክቸር ክፍል ነው የምለው። ቢሮዬ ውስጥ አንድ ሕንፃ አስተካክላለሁ። ክፍል ውስጥ 40 ሰው ገና እርሳስ ሳያነሣ አገኘዋለሁ።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልመንላቸው። ብዙ ቦታ ትምህርቱ በደንብ አይሰጥም። እኔ ራሴ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያስተማርኩት ሲቪል ኢንጂነሪንግ የተማርኩበትን ደብተር ገልብጬ፣ ከባድ ከባዱን ቆርጬ ነበር። ተማሪው ፎርሙላውን ሸምድዶ ይፈተናል። ፈተናው ሲያልቅ ይረሳዋል። በሳምንቱ ስቱዲዮ ውስጥ ያለ ኮለን የተንሳፈፈ ሕንፃ ይሠራል። ጥፋቱ የኔ ነበር።

ዛሬ የመጀመሪያው ቀን ጠመኔ አልይዝም። ገመድና 10 ሊትር ውሃ የሞላ ጄሪካን ይዤ እገባለሁ። ሁለት ጠንከር ያሉ ልጆች በ4 ሜትር ርቀት ቆመው ጫፍና ጫፉን ይይዛሉ። ጄሪካኑን መሐሉ ላይ እሰቅለዋለሁ። ገመዱ ይረግባል። ከዚያ "ቀጥ አድርጉት" እላቸዋለሁ። መሳብ ይጀምራሉ። መጀመሪያ ይስቃሉ። ቀጥሎ ሳቁ ይቆማል። ጫማቸው ወለሉ ላይ መንሸራተት ይጀምራል፣ ገመዱ መዳፋቸው ላይ መስመር ያወጣል። ገመዱ ግን አሁንም ረግቧል። ያኔ ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ። ገመዱ 40 ሳንቲ ሜትር ሲረግብ እያንዳንዳቸው የሚስቡት ወደ 25 ኪሎ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲረግብ ከፈለጉ 100 ኪሎ መሳብ አለባቸው። አንድ ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። ፍጹም ቀጥ ማድረግ በጭራሽ አይቻልም። የጄሪካኑ ክብደት ግን ያው 10 ኪሎ ነው። የተለወጠው ቅርጹ ብቻ ነው።

ይህን አንዴ በእጁ የያዘ ተማሪ አይረሳውም። ከወር በኋላ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ ሲሥል ራሱ ቆም ይላል። ከዚያ ነው ሞመንት የሚባለውን፣ ሸክሙ ቢሙን ለማጉበጥ ያለውን ጉልበት፣ የማመጣው። ለምሳሌ የ5 ሜትሩን ስፓን (ከድጋፍ እስከ ድጋፍ ያለውን ርቀት) 10 ሜትር ሲያደርጉት፣ ቢሙም በየሜትሩ ያለው ሸክምም ሳይለወጥ፣ ሞመንቱ 4 እጥፍ፣ መርገቡ 16 እጥፍ ይሆናል። ፎርሙላው ያኔ ለምን እንደሆነ ለገባው ነገር ስም ይሆንለታል። ትልቁን የአክሱም ሐውልትም አመጣለሁ። 33 ሜትር ቁመት፣ ከ500 ቶን በላይ ክብደት ይገመትለታል። መሬት ውስጥ የገባው ግን 3 ሜትር አይሞላም። "ምን ሆኖ ወደቀ?" ብዬ ዝም እላለሁ። ግማሽ ሰዓት ይከራከራሉ። ያ ግማሽ ሰዓት ከብዙ ሌክቸሬ ይበልጣል።

ሦስተኛው፣ ሶፍትዌር። ኢታብስ የሚባለውን የስትራክቸር ማስሊያ ፕሮግራም በየቀኑ እጠቀማለሁ፣ እወደዋለሁም። ግን ሶፍትዌር የሚያሰላው የነገሩትን ነው። አንድ ጀማሪ ኢንጂነር የአንድ ጂ ፕላስ 5 ውጤት አምጥቶ አሳየኝ። ስክሪኑ ላይ ቀለሙ ያምራል፣ ሁሉም ኮለን አረንጓዴ ነው። መሐለኛው ኮለን ስንት ይሸከማል አልኩት። 100 ቶን አለኝ። በጣቴ ቆጠርኩለት። ኮለኖቹ 5 በ5 ሜትር ናቸው፣ አንዱ ኮለን 25 ካሬ ይይዛል። በ6 ወለል 150 ካሬ። በብሎኬት የተከፋፈለ የአርማታ ሕንፃ በካሬ ወደ 1 ቶን ይመዝናል። ስለዚህ 150 ቶን አካባቢ መሆን ነበረበት። ሲሶው የት ሄደ? ስንፈልግ የግድግዳውና የወለል ንጣፉ ክብደት ሳይገባ ቀርቷል። ይህን ሂሳብ የአርክቴክቸር ተማሪም ይሠራዋል። ከሠራው ደግሞ ኮለኑ 25 በ25 ሳንቲ ሜትር እንደማይበቃው ሳይነገረው ያውቃል። ፕላኑ ላይ ገና ከመጀመሪያው ቦታ ይተውለታል።

አራተኛው ነጥብ፣ ኢንጂነር ስቱዲዮ ሲገባ ፈጠራ ይሞታል የሚለው፣ ያሳስበኛል። ምክንያቱም እንዲህ የሚያደርግ ኢንጂነር አይቻለሁ። ጁሪ ላይ፣ የተማሪ ንድፍ በሚገመገምበት፣ ተቀምጦ "ይሄ አይቆምም" ብሎ ዝም ያለ ሰው አይቻለሁ። ተማሪዋ ለሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥታ የሠራችውን የካርቶን ሞዴል ይዛ እያለቀሰች ስትወጣም አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ባይገባ ይሻላል። በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ግን "አይቆምም" ብሎ ማቆምና "እንዲቆም ምን እናድርግ?" ብሎ አብሮ መቀመጥ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። ወደ ፋዝሉር ካን ልመለስ። ጆን ሃንኮክን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ፊቱ ላይ ትልልቅ የኤክስ ምልክቶች አሉ። እነዚያ ኤክሶች ነፋሱን የሚቋቋሙለት ናቸው። ሐሳቡ ቀድሞ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1964 በአንድ የአርክቴክቸር ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ላይ ነው። አማካሪዎቹ ካንና ማይሮን ጎልድስሚዝ ነበሩ። ሃንኮክ ከ5 ዓመት በኋላ ሲያልቅ የፈጀው ብረት በካሬ ሜትር ወደ 145 ኪሎ ነው። 102 ፎቁ ኢምፓየር ስቴት ወደ 206 ኪሎ ፈጅቷል። በዚያ ስቱዲዮ ኢንጂነሩ መግባቱ የገደለው ፈጠራ የቱ ነው?

ሩቅ አንሂድ። ልደታ ሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የኮሌጁ ሰዎች ከስዊዘርላንድ ከዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው አንድ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርተዋል። የፎቁን ወለል የያዘው ከአፈር የተሠራ ስስ ጡብ ነው፣ በቅስት ተደርድሮ። እንደ ለመድነው ሶሌታ ፌሮ የለበትም። የቅስቱን ሥራ የመራው የፊሊፕ ብሎክ ቡድን ደግሞ በኢቲኤች አርክቴክቸር ክፍል ውስጥ ስትራክቸር የሚያስተምር ነው። ፌሮና ሲሚንቶ በየወሩ ዋጋው በሚሰቀልበት አገር የአፈር ጡብ ፎቅ ይሸከማል ብሎ የሚያስብ አርክቴክት ያስፈልገናል። ጭነቱ በየት በኩል እንደሚወርድ ያልገባው ሰው ደግሞ ይህን አይደፍርም። ከኮለንና ቢም ሳጥን የማይወጡት ተማሪዎቼ ብዙውን ጊዜ ስትራክቸር የሚፈሩት ናቸው።

አምስተኛውን እቀበላለሁ ብያለሁ። ክፍያው ትንሽ ነው። ቢሮ ውስጥ የአንድ ሳምንት ሥራ የወር የመምህር ደመወዜን የሚያክልበት ጊዜ አለ። እድገት የሚሰጠው በታተመ ጥናት ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ ተማሪ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ የማመሸው ሰዓት አይቆጠርም። ሲቪሎቹ ወደ አርክቴክቶች ሄደ ይሉኛል፣ አርክቴክቶቹ "ኢንጂነሩ" ይሉኛል። ከሁለት ያጣ ጎመን የሆንኩ የመሰለኝ ዓመታት ነበሩ። ልጅ የሚያሳድግ ወጣት ኢንጂነር ይህን አይቶ ቢሸሽ አልፈርድበትም። ግን ይህ ሁሉ ሥራው እንዴት እንደሚከፈልና እንዴት እንደሚቆጠር የሚናገር ነው። የስቱዲዮ ሰዓት ይቆጠር፣ ቢሮ የሚሠራ ኢንጂነር በሳምንት አንድ ቀን የሚያስተምርበት መንገድ ይከፈት። ጸሐፊው ይህን ቢጠይቁ አብሬያቸው እፈርም ነበር። እሳቸው ግን ሥራው ራሱ አይረባም ብለው ደመደሙ።

ጽሑፉን የላከችልኝ ልጅ አሁን የራሷ ቢሮ አላት። ከሁለት ወር በፊት የአንድ ትምህርት ቤት ንድፍ እየሠራች ደወለችልኝ። ባለቤቶቹ መስኮቱ ከልጆቹ ራስ በላይ እንዲሆን ፈልገዋል፤ ከሥሩ ግማሽ ግድግዳ ይመጣል። "ቲቸር፣ ኢንጂነሩ ገና አልተቀጠረም፣ ግን ኮለኖቹ እንዳያጥሩብኝ ፈራሁ" አለች። ንድፉን ላኪልኝ አልኳት። ማታ ከፍቼ አየሁት። በእያንዳንዱ ኮለንና ግድግዳ መሐል 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ትታለች፣ በለስላሳ ነገር እንደሚሞላም ጎን ላይ ጽፋለች።